የጠፉት የአሜሪካ መኪና አምራቾች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና የሚወድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል። ፎርድን ሁሉም ያውቃል። ሸቭሮሌትንም እንዲሁ። ስቱድቤከር ስል ግን "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ከ1852 እስከ 1966፣ መጀመሪያ ጋሪ በኋላም መኪና እየሠራ 114 ዓመት የቆየ ቤት እንዲህ መረሳቱ ያንገበግበኛል። የተረሳበት መንገድ ደግሞ ከመረሳቱ በላይ ያሳስበኛል።

ከታች ያሉት አዘውትረው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን አጠር፣ ብዙ የሚወራበትን ደግሞ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ነፃ አምራቾች" የሚባሉት እነማን ናቸው?

አሜሪካ ውስጥ ሦስት ግዙፎች ነበሩ፦ ጄኔራል ሞተርስ (ሸቭሮሌት የእሱ ነው)፣ ፎርድና ክራይስለር። ከሦስቱ ውጪ ያለው ሁሉ "ኢንዲፔንደንት" ይባል ነበር። ነፃ ወይም ራሱን የቻለ አምራች እንደማለት ነው።

ስቱድቤከር ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ ነበር። ፓካርድና ሃድሰን ዲትሮይት፣ ናሽ ዊስኮንሲን ውስጥ ኬኖሻ፣ ዊሊስ ኦሃዮ ውስጥ ቶሊዶ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ካይዘር ፍሬዘር ተጨመረ። እሱ የጀመረው በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይገጣጠምበት በነበረው የዊሎው ረን ፋብሪካ ነው።

ትንንሽ ጋራዦች እንዳይመስሏችሁ። ስቱድቤከር ለ1950 ሞዴል ብቻ ከ300 ሺህ በላይ መኪና ሠርቷል።

"ነፃ" የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ናሽና ሃድሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚገዙት ከጄኔራል ሞተርስ፣ ማለትም ከተቀናቃኛቸው ነበር። በኦገስት 1953 የጄኔራል ሞተርስ የካምቢዮ ፋብሪካ ሊቮኒያ ላይ በእሳት ሲወድም እጥረቱ እነሱንም ነካቸው። የመኪናህን ካምቢዮ የሚሸጥልህ ሰው ገበያህን ሊወስድ የሚፈልግ ሰው ከሆነ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው?

የጠፉት መኪናቸው ደካማ ስለነበረ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ይህን አባባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ሃድሰንን እንይ። በ1948 ያወጡት መኪና ወለሉ ከቴላዮው፣ ማለትም መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ በላይ የተቀመጠ አልነበረም። በቴላዮው መሀል ዝቅ ብሎ ነበር የተሠራው። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ መግባት ሽቅብ መውጣት ነበር። ሃድሰን ውስጥ ግን በሩን ከፍታችሁ ደፉን ተሻግራችሁ እግራችሁን ወደ ታች ታወርዳላችሁ። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ "ስቴፕ ዳውን" ይሉታል፣ ወደ ታች የሚረገጥ። መኪናው መሬት ላይ የተነጠፈ ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ኩርባ ላይ እንደሌሎቹ አይንገዳገድም።

በ1951 ይህን ቦዲ ይዞ ሆርኔት የሚባለው መጣ። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ አምስት ሊትር ገደማ። ሌሎች ባለ ስምንት ሲሊንደር ይዘው ይሰለፉ ነበር። በ1952 ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ከተካሄዱት 34 ግጥሚያዎች 27ቱን ሃድሰን አሸነፈ። ልብ በሉ፣ ይህ ለውድድር ተብሎ ለብቻው የተፈበረከ መኪና አልነበረም። መነሻው ሰዎች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱበት መኪና ነው።

ስቱድቤከርም እንዲሁ ነው። ዘመናዊ ቪ8 ሞተር፣ ማለትም ስምንት ሲሊንደሩ በቪ ቅርጽ የተደረደረ፣ ያወጣው በ1951 ነው። ሸቭሮሌት ዝነኛውን ቪ8 ሞተሩን ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ነው። ፓካርድ ደግሞ በ1949 የራሱን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለማንም እገዛ ሠርቷል። በጦርነቱ ጊዜም የእንግሊዞቹን የሮልስ ሮይስ መርሊን የአውሮፕላን ሞተር ከ55 ሺህ በላይ አምርቷል። ይህን የሚሠራ ቤት መኪና መሥራት አቃተው ሊባል አይችልም።

ታዲያ ምን ጣላቸው?

በአንድ ቃል ለመመለስ የሚሞክር ሰው ቢያጋጥማችሁ ተጠራጠሩት። እኔ ግን አንድ ቦታ ጀምሩ ብባል በላሜራው እጀምራለሁ።

የመኪና ቦዲ የሚወጣው ላሜራ በግዙፍ የብረት ቅርጽ ተጨፍልቆ ነው። ያ ቅርጽ እጅግ ውድ ነው። ሂሳቡን ለማየት ያህል አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ሞዴል ቅርጽ ማውጫ 10 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። አንድ ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ኩባንያ ወጪውን ሲያካፍለው ለአንድ መኪና 10 ዶላር ይደርሰዋል። መቶ ሺህ የሚሸጠው 100 ዶላር ይደርሰዋል። ሁለቱ ግን መኪናቸውን የሚያቆሙት እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ በተቀራራቢ ዋጋ። ብልጫ ያለው መሐንዲስ መቅጠር ይህን ሂሳብ አይለውጠውም።

ጄኔራል ሞተርስ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በአለቃው በአልፍሬድ ስሎንና በዲዛይን ኃላፊው በሃርሊ ኧርል ዘመን የመኪናውን መልክ በየዓመቱ መቀየር ልማድ አደረገው። ሰው ያምናው መኪና እንዲያስጠላው ሆነ። ከዚህ ጋር እኩል ለመሮጥ በየዓመቱ አዲስ ቅርጽ ማውጣት ያስፈልጋል። ትንሹ አምራች ይህን አይችልም።

የሃድሰን ነገር እዚህ ላይ ያሳዝናል። ያ ጠንካራ ቦዲና ቴላዮ አንድ ላይ የተበየደ ስለነበር መልኩን ለመለወጥ ማለት ይቻላል ሁሉንም ማፍረስ ይጠይቃል። ስለዚህ ከ1948 እስከ 1954 መኪናው ብዙም ሳይለወጥ ቆየ። በውድድር ያሸነፈበት ነገር ሾውሩም ውስጥ አስረጀው። የቀረውን ገንዘብ ደግሞ ጄት በሚባል ትንሽ መኪና ላይ አፈሰሰው። ጄት አልተሸጠም።

ከዚያ 1953 መጣ። የኮሪያ ጦርነት ያመጣው የምርት ገደብ ተነሣ። ፎርድ ሸቭሮሌትን ካልበለጥኩ ብሎ ተነሣ። ሁለቱም ፋብሪካዎች ሌት ተቀን መኪና እያወጡ ሻጭ ወኪሎቻቸው ላይ ጫኑት። ወኪሎቹ ቦታ ሲጠባቸው በቅናሽ፣ አንዳንዴም በኪሳራ መሸጥ ጀመሩ። ፎርድና ሸቭሮሌት እርስ በርስ ሲፋለሙ ብዙም አልተጎዱም። መሀል የተገኙት ናቸው የተደቆሱት። የስቱድቤከር ወኪል ያን ቅናሽ ከየት ያምጣ?

ፓካርድ ላይ ደግሞ ሌላ ዱብ ዕዳ ወረደ። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ቦዲውን የሚሠራለት ብሪግስ የሚባል ኩባንያ ነበር። በ1953 መጨረሻ ክራይስለር ብሪግስን ገዛው። ፓካርድ በተቀናቃኙ እጅ ወደቀ። ቸኩሎ ኮነር ጎዳና ላይ ወዳለ ጠባብ ፋብሪካ ገባና የ1955ቱን መኪና እዚያ መገጣጠም ጀመረ። መኪናው አዲስ ቪ8 ሞተር ነበረው። በባሌስትራና በሞላ ፋንታ በረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ የሚሄድ፣ ጭነት ሲበዛበት ራሱን የሚያስተካክል ድንቅ አሠራርም ነበረው። ግን በጥድፊያ ስለተገጣጠመ ጉድለቱ በዛ። ገዢው የሚያስታውሰው ጉድለቱን ነው።

ለምን አልተባበሩም?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የናሽ አለቃ ጆርጅ ሜሰን ያሰበው ይህንኑ ነበር። ናሽ፣ ሃድሰን፣ ፓካርድና ስቱድቤከር አንድ ቢሆኑ አራተኛው ግዙፍ ይወጣቸዋል ባይ ነበር።

ግማሹ ሆነ። ሜይ 1 ቀን 1954 ናሽና ሃድሰን ተዋህደው አሜሪካን ሞተርስ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ፓካርድ ስቱድቤከርን ገዛ። ከሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 8፣ ሜሰን ሞተ። የተካው ጆርጅ ሮምኒ ሌላ ውህደት አልፈልግም አለ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ "ሜሰን ባይሞት ኖሮ" ይላሉ። እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። አራቱ ቢዋሃዱም ፋብሪካዎቹ ያረጁና በተለያዩ ከተሞች የተበተኑ ነበሩ። የአራቱ ወኪሎች አንዱ የሌላውን ደንበኛ ይሻሙ ነበር።

የፓካርድና የስቱድቤከር ጋብቻ ምን እንደሚመስል እንይ። የፓካርዱ አለቃ ጄምስ ናንስ ስቱድቤከር ላለመክሰር በዓመት ከ280 ሺህ በላይ መኪና መሸጥ እንዳለበት የተረዳው ከገዛው በኋላ ነው። ስቱድቤከር በ1954 የሸጠው 80 ሺህ ገደማ ነበር። ፓካርድ ዲትሮይት ውስጥ መኪና መሥራቱን ያቆመው በ1956 ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ፓካርድ ተብለው የተሸጡት ስቱድቤከር ላይ የፓካርድ ምልክት የተለጠፈባቸው ናቸው። በ1958 ስሙም ቀረ።

አሜሪካን ሞተርስ ግን ኖረ። ሮምኒ ትልልቆቹን መኪኖች "ዳይኖሰር" እያለ በራምብለር፣ በትንሿ መኪናው ተወራረደ። በ1958 ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የሌሎቹ ሽያጭ ወረደ፤ የእሱ ወጣ። በ1961 ራምብለር ከሸቭሮሌትና ከፎርድ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ። ስለዚህ "ነፃ አምራች መጥፋቱ አይቀርም ነበር" ለሚል ሰው መልሱ ራምብለር ነው። ቢያንስ በዚያን ጊዜ መውጫ መንገድ ነበረ።

ግዙፎቹ አሲረው ነው ያጠፏቸው?

ይህ ጥያቄ ከፕሬስተን ተከር ጋር ተያይዞ ይመጣል። ተከር በ1948 ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ መሀል ግንባሩ ላይ ከመሪው ጋር የሚዞር ሦስተኛ መብራት ያለው መኪና ሠራ። የሙከራውን ጨምሮ የተሠሩት 51 ብቻ ናቸው። በማጭበርበር ተከሶ በጃንዋሪ 1950 በነፃ ተለቀቀ። ኩባንያው ግን በዚያ መሀል ሞቶ ነበር። ስለዚህ ሰዎች "ዲትሮይት ገደለው" ይላሉ።

ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል። ተከር መኪናው ምርት ላይ ሳይደርስ የወኪልነት መብት እየሸጠ፣ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎችም የመኪና ዕቃ አስቀድሞ እየሸጠ ነበር ገንዘብ የሚሰበስበው። የአክሲዮን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያየው ይህን ነው። ለዚህ ደግሞ የግዙፎቹ ሴራ አያስፈልግም።

ሴራ ፍለጋ ብዙ ነገር ያስረሳል። የካይዘርን፣ የፓካርድን፣ የሃድሰንን ውድቀት ለማስረዳት ድብቅ ስብሰባ አያስፈልግም። ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው የሆነው። ክራይስለር ብሪግስን ሲገዛ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። የፎርድና የሸቭሮሌት የዋጋ ጦርነት በየሾውሩሙ መስኮት ተለጥፎ ነበር። በ1953 የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ቻርልስ ዊልሰን የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። በእሱ ዘመን የጦር መሣሪያ ግዢ ወደ ጥቂት አምራቾች ሲጠብ ፓካርድ ሥራ አጣ። ይህም የተደበቀ አልነበረም። ጉልበት ያለው ሰው በአደባባይ የሚያደርገው ከድብቁ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ስቱድቤከር በ1963 ከሰረ?

አልከሰረም። ይህ ስህተት በየቦታው ተጽፎ አነባለሁ። ኪሳራ ውስጥ የገባው በ1933 ነበር፤ ከዚያም ተነሥቷል። በ1963 የሆነው ሌላ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስቱድቤከር ሌሎች ኩባንያዎች እየገዛ ነበር። የሞተር ዘይት ጭማሪ፣ ጄኔሬተር፣ የግቢ ትራክተር ይሸጥ ነበር። እነዚህ ያተርፋሉ፤ መኪናው ያከስራል። የቦርዱ ሰዎች መኪናውን ጣሉትና ሌላውን ይዘው ቀጠሉ። ኩባንያው በ1967 ዎርዚንግተን ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ስሙ እስከ 1979 ድረስ ቆየ። ኩባንያው ተረፈ። ከተማዋና ሠራተኛው ናቸው ያልተረፉት።

ዲሴምበር 9 ቀን 1963 ለፈረንጆች ገና ሁለት ሳምንት ሲቀር የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረ። ዲሴምበር 20 የመጨረሻዋ መኪና፣ ዴይቶና የሚባለው ሞዴል ቀይ መኪና፣ ከመስመሩ ወጣች። ካናዳ ውስጥ ሃሚልተን ያለው ፋብሪካ እስከ ማርች 1966 ገፋበት።

አሁን ወደ ጡረታው እንምጣ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ሌላው ሁሉ የብረት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ፋብሪካው ሲዘጋ የጡረታ ፈንዱ ውስጥ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። ገንዘቡ በዕድሜ ተከፋፈለ። 60 ዓመት የሞላቸውና ጡረታ የወጡት 3,600 ያህል ሰዎች ሙሉውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆናቸውና ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገሉት 4,000 ያህሉ ከሚገባቸው መቶ ዶላር 15 ዶላር ገደማ ብቻ ደረሳቸው። የቀሩት 2,900 ያህሉ ምንም አላገኙም።

እስቲ አንድ የ59 ዓመት ሰው አስቡ። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ሠርቷል። ጎረቤቱ በአንድ ዓመት ይበልጠዋል። አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመው በር ይገጥሙ ነበር። አንደኛው ሙሉ ጡረታ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው በገና ሰሞን 15 ከመቶ ይዞ በዚያ ዕድሜው ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልነበረም። ሕጉ ይፈቅድ ነበር።

ስቱድቤከር ምሳሌ ሆኖ ክርክሩ አሥር ዓመት ወሰደ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1974፣ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የጡረታ ዋስትና ሕጉን ፈረሙ። ኩባንያ ሲወድቅ የሠራተኛውን ጡረታ የሚደግፍ የመንግሥት መድን የመጣው በዚያ ሕግ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በኩባንያ የሚከፈል ወርኃዊ ጡረታ የሚጠብቁ ወገኖቻችንም የሚተማመኑበት ዋስትና ከዚያች ከተማ መከራ የተወለደ ነው። ስለ ስቱድቤከር ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው የ1950ው ሞዴል እንደ ጥይት የሾለ አፍንጫው ነው።

ጂፕን የሠራው ማነው?

ጂፕ በአማርኛችን የመኪና ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ከጀርባው ያለው ስም ዊሊስ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። መነሻው ግን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በትለር በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው አሜሪካን ባንታም ነው።

በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል የስለላ መኪና እንዲሠራለት ከመቶ በላይ አምራቾችን ጠየቀ። ጊዜው እጅግ አጭር ነበር፤ የሙከራው መኪና በ49 ቀን እንዲደርስ ተባለ። ባንታም በዚያን ጊዜ ሊዘጋ ጫፍ ላይ የደረሰ ድርጅት ነው። ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ጠርተው ንድፉን በጥቂት ቀን አወጡ። ሴፕቴምበር 23 ቀን መኪናዋን ሜሪላንድ ወዳለው የሆላበርድ ጦር ሰፈር አደረሱ። በቀጠሮው ቀን ማለት ነው።

ጦሩ መኪናዋን ወደዳት። ባንታም ግን በብዛት ማምረት አይችልም ብሎ ንድፉን ለዊሊስና ለፎርድ አሳየ። የዊሊስ ሞተር ከባንታሙ ይበልጥ ጉልበት ነበረው፤ ይህ እውነት ነው። የሚታወቀውን በአንድ ላሜራ የተቆረጠ ፊት ያመጣው ደግሞ ፎርድ ነው። ሁለቱ በድምሩ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሠሩ። ባንታም 2,700 እንኳ ሳይሞላ ቀርቶ ተጎታች ጋሪ እንዲሠራ ተደረገ።

ጦርነቱ ሳያልቅ ዊሊስ "ጂፕን የፈጠርኩት እኔ ነኝ" የሚል ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ1948 ወሰነ፤ ሐሳቡ የባንታምና የጦሩ መኮንኖች እንጂ የዊሊስ አይደለም አለ። ባንታም ተፈረደለት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን "ጂፕ" የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው ዊሊስ ሆነ። ውሳኔውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ማስታወቂያውን ግን ዓለም ሁሉ ያስታውሰዋል።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ካይዘር ዊሊስን በ1953 ገዛ። አሜሪካን ሞተርስ በ1970 ከካይዘር ወሰደው። በ1987 ክራይስለር አሜሪካን ሞተርስን ጠቅልሎ ገዛ፤ ዋናው የፈለገውም ጂፕን ነው። የመጨረሻው ትልቅ ነፃ አምራች ታሪክ በዚያ አበቃ።

የደህንነት ቀበቶ የቮልቮ ፈጠራ አይደለም?

ሦስት ቦታ የሚታሰረው ዘመናዊው ቀበቶ የቮልቮው ኒልስ ቦሊን ሥራ ነው፤ 1959። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረውን ግን ናሽ ለ1950 ሞዴሉ በምርጫ አቅርቦት ነበር። ብዙ ደንበኛ አልወደደውም። ናሽ በ1938ም ንጹሕ አየር ከውጪ እያጣራና እያሞቀ የሚያስገባ ማሞቂያ አውጥቷል። ዛሬ መኪናችሁ ውስጥ ሙቀት ስትከፍቱ የእነሱ አሻራ አለበት።

የመኪና ታሪክ ለምን እንዲህ ይዛባል?

የሚተርከው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በሕይወት ያለ ኩባንያ የማስታወቂያ ክፍል አለው፤ የልደት በዓሉን ያከብራል፣ ፎቶውን ያድላል። የሞተው ይህን የሚያደርግለት የለም። ሰነዱን የሚያድን ሰው ካላገኘ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። የስቱድቤከር ሰነዶች የተረፉት የሳውዝ ቤንድ ሰዎች ስለተንከባከቧቸው ነው።

ሰብሳቢዎችም አሉ። እነሱ ባይኖሩ ብዙ መኪና ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን የሚወዱት ብርቅ የሆነውን ነው። ጥቂት ብቻ የተሠራ ክፍት መኪና ላይ ብዙ ይጻፋል። መቶ ሺዎች ለሥራ የተመላለሱበት ራምብለር ላይ የሚጻፈው ትንሽ ነው።

ዝነኛ ስምም ብዙ ይውጣል። የስቱድቤከር መልክ ሁሉ የዝነኛው ዲዛይነር የሬይመንድ ሎዊ ነው ይባላል። የዲዛይን ድርጅቱ የሎዊ ነበር፣ እውነት ነው። የ1947ቱን በዋናነት የነደፈው ግን ቨርጂል ኤክስነር ነው። ዛሬም ሰው ቆሞ የሚያየውን የ1953ቱን ኩፔ፣ ባለ ሁለት በሩን መኪና፣ ያወጣው ሮበርት ቡርክ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘለለው ደግሞ የፋብሪካው ሰው ነው። ስለ ፓካርድ ሲነገር ቅንጦቱና የመርሊን ሞተሩ ይነሣል። በጁን 1943 ሦስት ጥቁር ሠራተኞች የሥራ ዕድገት አገኙ ተብሎ 25 ሺህ ያህል ነጭ ሠራተኞች በዚያው ፋብሪካ ሥራ ማቆማቸው ግን ብዙም አይነሣም። የመኪና ታሪክ ነው ወይስ አይደለም? ለእኔ ነው። ሞተሩን የሠሩት እነዚያው እጆች ናቸው።

ሌላው ችግር ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መተረክ ነው። ሃድሰን እንደወደቀ ስለምናውቅ በ1948 ያደረገውን ሁሉ የውድቀት ምልክት አድርገን እናነባለን። በ1948 ሾውሩም ውስጥ የቆመ ሰው ግን ያየው የወደፊቱን መኪና ነው። በዚያ ሰው ዓይን ለማየት ካልሞከርን ታሪክ ሳይሆን የአስከሬን ምርመራ ነው የምንጽፈው።

ዛሬ ላያቸው ብፈልግ የት ልሂድ?

የፓካርድን የዲትሮይት ፋብሪካ ለማየት ረፍዷል። በአርክቴክቱ በአልበርት ካን የተነደፈው፣ ለአሠርት ዓመታት ፈርሶ የቆመው ሕንፃ በ2022 በስፋት መፍረስ ጀመረ። መኪኖቹን ግን ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ያለው የፓካርድ ሙዚየም ታገኟቸዋላችሁ።

ሳውዝ ቤንድ የስቱድቤከር ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ከጋሪዎቹ ይጀምራል። ቺካጎ አካባቢ የምትኖሩ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ሚሺጋን ውስጥ ኢፕሲላንቲ ያለችው ናት። ዛሬ ሙዚየም የሆነችው ያቺ ቤት የመጨረሻዋ የሃድሰን ሻጭ ወኪል ነበረች። ፋብሪካው ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላም መለዋወጫ ስትሸጥ የነበረች ቤት ናት። እዚያ ከሄዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከ1948 እስከ 1954 የተሠራ ሃድሰን ፈልጉና በሩን እንዲከፍቱላችሁ አስተናጋጁን ጠይቁ። ጎንበስ ብላችሁ ወለሉን እዩት። ከበሩ ደፍ በታች ነው ያለው።